ከውዳቂ ጣውላ የሚያዋጣው የትኛው ነው? አራት ዓይነት ርካሽ እንጨት ሲመዘን

በአዲስ አበባ አንድ ትንሽ አናጢ ቤት ርካሽ እንጨት ሲፈልግ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ያገኛል፦ ጎብጦ ወይም ጫፉ ተሰንጥቆ ጣውላ ቤት ጥግ የቀረ ባሕር ዛፍ፣ ያገለገለ ፓሌት፣ ከግንባታ የወጣ የአርማታ ጣውላ፣ እና ከቤት ዕቃ ማምረቻዎች በጆንያ የሚወጣ የዋንዛና መሰል ጠንካራ እንጨት ቁራጭ። አራቱም ዋጋቸው ሲጠራ ያስጎመጃሉ። ሦስቱ በትክክል ከተያዙ ያተርፋሉ። አንዱ፣ የአርማታ ጣውላው፣ ግን ጉልበቱ፣ የመጋዝ ምላጩና የሚጣለው ክፍል ሲታሰብ ከአዲስ ጣውላ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ውዳቂ እንጨት ላይ ትርፍ የሚገኘው ጉድለቱን በስቱኮና በቀለም በመሸፈን አይደለም። ጉድለቱ በማይደርስበት አጭር መጠን የሚሠራ ዕቃ በመምረጥ ነው። ከ60 ሴ.ሜ. በታች በሆኑ ቁርጦች የሚሠራ ነገር፣ ማለትም ረከቦት፣ በርጩማ፣ መክተፊያ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ የንብ ቀፎ፣ ከውዳቂ እንጨት ይወጣል። አልጋ፣ በርና ቁም ሣጥን አይወጣም። «ትንሽ ብንቀጣጥለውስ?» የሚለው ሐሳብ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚቀልጥበት ቦታ ነው። መገጣጠሚያው በበዛ ቁጥር የሠራተኛው ሰዓት ይበዛል፣ ዕቃውም ይደክማል።

የጎበጠ ባሕር ዛፍ፦ ከ10 ስምንት

ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚያድግ ዛፍ ስለሆነ ግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት አለ። ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይለቀቅና ጣውላው ይጎብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ጫፎቹ ይተረተራሉ። ጣውላ ቤቶች ቀጥ ያለውን ሸጠው ደጋን የሆነውን ግድግዳ ያስደግፉታል። ድርድር የሚያዋጣው እዚያ ጋ ነው።

ጉብጠት ከርዝመቱ ጋር እኩል አይቀንስም፤ በርዝመቱ ካሬ ነው የሚቀንሰው። 4 ሜትር የሆነ ጣውላ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲባጎ ተወጥሮ መሐሉ ላይ 4 ሴ.ሜ. ክፍተት ካሳየ፣ በ1 ሜትር ሲቆረጥ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የሚቀረው 2.5 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። በ60 ሴ.ሜ. ከተቆረጠ ከ1 ሚ.ሜ. በታች ይሆናል፤ ይህንን መላጊያ በአንድ ሁለት ዙር ያነሳዋል። ማንም የማይፈልገው ጣውላ ለረከቦትና ለበርጩማ ከአዲሱ እኩል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠመዝማዛ ግን ሌላ ነው። መጠማዘዝ የሚቀንሰው በርዝመቱ ልክ ብቻ ነው። 4 ሜትር ላይ አንዱ ማዕዘን 4 ሴ.ሜ. የሚነሳ ጣውላ፣ 60 ሴ.ሜ. ሆኖ ሲቆረጥም 6 ሚ.ሜ. ይነሳል። ያንን ለማስተካከል ከ25 ሚ.ሜ. ጣውላ ላይ ስንት እንደሚላግ አስቡት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጣውላውን የተስተካከለ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስተኙ፤ አንዱን ማዕዘን በእግር ተጭናችሁ ሰያፉ ያለው ማዕዘን ከተነሳ ተዉት። መሐሉ ብቻ ከተነሳ ወይም ጫፎቹ ብቻ ከተነሱ ግዙ።

በስፋቱ ጎድጓዳ የሆነ ጣውላም ይድናል። 20 ሴ.ሜ. ስፋት ላይ 6 ሚ.ሜ. የጎደጎደ፣ ለሁለት በቁመቱ ሲሰነጠቅ እያንዳንዱ ላይ 1.5 ሚ.ሜ. ይቀራል። ለአራት ከተሰነጠቀ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል። ከዚያ በኮላ መልሶ ማጣበቅ ነው።

የተሰነጠቀ ጫፍ ላይ ስስት አያዋጣም። ስንጥቁ በዓይን ከሚታይበት ቦታ 5 ሴ.ሜ. ያህል አልፋችሁ ቁረጡ፤ የማይታየው የስንጥቁ ጫፍ ሚስማር ሲገባበት ይከፈታልና። በቁርጡ ፊት ላይ የግንዱ እምብርት የሚታይበትን ጣውላ ደግሞ በምንም ዋጋ አትውሰዱ። መሐሉ ቆይቶም ቢሆን ይሰነጠቃል። ደረቅ ባሕር ዛፍ ላይ ሚስማር በቀጥታ አይመታም፤ ከሚስማሩ በትንሹ የሚቀጥን ቀዳዳ በትራፓኖ ቀድሞ መከፈት አለበት።

እርጥበት መለኪያ ለሌለው ቀላል መንገድ አለ። አንድ ቁራጭ ላይ ቁጥር ይጻፍበትና በየሳምንቱ በዲጂታል ሚዛን ይመዘን። ክብደቱ በተከታታይ ሳምንታት ካልቀነሰ ደርቋል። እየቀነሰ ያለን እንጨት ማጣበቅ፣ ከወር በኋላ የሚከፈት መገጣጠሚያ መሥራት ማለት ነው።

ያገለገለ ፓሌት፦ ከ10 ሰባት

ፓሌት ሁሉ አንድ አይደለም። መፈለግ ያለበት የአውሮፓው ደረጃ ፓሌት ነው፤ 120 በ80 ሴ.ሜ.፣ ቁመቱ 14.4 ሴ.ሜ.፣ በ11 ጣውላ፣ በ9 ብሎክና በ78 ሚስማር የተገጣጠመ። ጣውላው 22 ሚ.ሜ. ስለሚወፍር ተልጎም 18 ሚ.ሜ. ይተርፈዋል። ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚሠሩት ፓሌቶች ጣውላቸው ስስ ነው፤ ተልገው ለሣጥን ካልሆነ ለሌላ አይበቁም።

መጀመሪያ የሚነበበው ብሎኩ ላይ ያለው ማኅተም ነው። የስንዴ ዛላ ምልክት፣ የአገር መለያ፣ የአምራች ቁጥርና የሕክምና ኮድ ይኖረዋል። ይህ ምልክት ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጣው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጥበቃ ደረጃ የሚሰጥ ነው። «ኤች ቲ» የሚለው የላቲን ፊደል እንጨቱ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መሞቁን ያመለክታል፤ ኬሚካል አልነካውም፣ ነቀዝም ሞቶበታል። «ኤም ቢ» ካለ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፤ ለቤት ውስጥ ዕቃ አይሁን። ማኅተም የሌለው ፓሌት ታሪኩ አይታወቅም። ዘይት የጠጣ፣ ቀለም የፈሰሰበት ወይም ሲሸተት የሚቆጠቁጥ ከሆነ ማኅተሙ ምንም ቢል ይለፍ። ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ የተቀባ ፓሌት ካያችሁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአከራይ ድርጅት ንብረት ስለሆነ፣ የሚሸጠው ሰው መብት ያለው መሆኑ ያጠራጥራል።

አፈታቱ ላይ ብዙ ሰው ይደክማል። የእነዚህ ፓሌቶች ሚስማር ገላው ጠመዝማዛ ወይም ቀለበታማ ስለሆነ በጉጠት አይወጣም፤ በመንቀያ ሲጎተት ጣውላው ይሰነጠቃል። ሚስማሩን ከመታገል ይልቅ መተው ይሻላል። ረጅሞቹ ጣውላዎች ብሎክ ላይ የሚያርፉት በሁለቱ ጫፍና በመሐል፣ በእያንዳንዱ ቦታ 14.5 ሴ.ሜ. ያህል ነው። ከ120 ሴ.ሜ. ላይ ሦስቱ ሲቀነሱ 76.5 ሴ.ሜ. ይቀራል፤ በሁለት ሲካፈል 38 ሴ.ሜ. ያህል ሚስማር ያልነካው ንጹሕ ጣውላ በየመሐሉ አለ። በክብ መጋዝ ከብሎኩ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ መቁረጥ ብቻ ነው። መጋዙ የሚበላው ሲቀነስ 37 ሴ.ሜ. ተኩል የሚሆን ቁራጭ ይወጣል። ከላይ አምስት፣ ከታች ሦስት ረጅም ጣውላ አለ፤ ከስምንቱ 16 ቁራጭ ይገኛል፣ ስምንቱ 14.5 ሴ.ሜ. ስፋት፣ ስምንቱ 10 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸው። መሐል ያሉት ሦስት አግዳሚዎች ሚስማር ስለሚበዛባቸው ለእነሱ ጊዜ አታጥፉ።

ስሌቱ እነሆ። 16ቱ ቁራጭ ጠርዛቸው ተስተካክሎ 0.67 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ባለ 4 ሜትር፣ 20 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው አንድ አዲስ ጣውላ 0.8 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ፓሌት ከአንድ አዲስ ጣውላ ያነሰ እንጨት ይሰጣል፣ ያውም ከጉልበት ጋር። የፓሌቱ ዋጋ ማጓጓዣውን ጨምሮ ከአዲሱ ጣውላ ግማሽ ካለፈ አያዋጣም። በመርካቶ ምናለሽ ተራም ይሁን ሌላ ቦታ ስትከራከሩ ይህንን ጣሪያ ይዛችሁ ግቡ። ዘጠኙ ብሎኮች በስሌቱ ውስጥ አይገቡም። አንዳንዶቹ ከተፈጨ እንጨት በሙጫ የተጨመቁ ናቸው፤ ድፍኑም ቢሆን ውስጡ የሚስማር ጫካ ስለሆነ መጋዝ ያበላሻል።

ከእነዚህ 37 ሴ.ሜ. ቁርጦች የሚሠራው ምርጥ ነገር ረከቦት ነው። ሰፋፊዎቹ አምስት ቁርጦች እያንዳንዳቸው 13 ሴ.ሜ. ሆነው ጎን ለጎን ሲጣበቁ 65 በ37 የሚሆን ገበታ ይወጣል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት ገበታውን ከዙሪያው ክፈፍ ጋር በኮላ አጥብቆ ማሰር ነው። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በስፋቱ ግን ይነፋል፣ ይሸበሸባልም። በዚህ አሠራር የቁርጦቹ ስፋት የሚደመረው በ65ቱ በኩል ስለሆነ፣ በክረምትና በበጋ መካከል በርካታ ሚሊ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በክረምት ተጣብቆ የተሸጠ ረከቦት በጥር መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ደንበኛውም ይመልሰዋል። ክፈፉ ውስጥ ቦይ ይውጣለትና ገበታው በሁለቱም ጫፍ 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ይኑረው፤ ኮላ መሐል ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ይደረግ።

ሌላው የሙቀት ጉዳይ ነው። ነጭ ኮላ በሙቀት ይለሰልሳል። ጀበናው ከከሰል ላይ ተነስቶ በቀጥታ በመገጣጠሚያው ላይ ከተቀመጠ መስመሩ ይከፈታል። ማቶት የሚቀመጥበት ቦታ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን በአንድ ድፍን ቁራጭ መሐል ላይ እንዲውል አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ከረከቦቱ ጋር አንድ ማቶት አብሮ መሸጥም አይከፋም፤ ዕቃውንም ያድናል፣ ዋጋም ይጨምራል።

የዋንዛ ቁራጭ፦ ከ10 ዘጠኝ

ከአራቱ የምንመርጠው ይኸኛውን ነው። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው፣ በኋላም በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎ ነበር። ዋንዛ ዛሬም ውድ ነው፤ ቁራጩ ግን ማገዶ ተብሎ በጆንያ ይወጣል። ይህን ያህል ዋጋ ያለው እንጨት ምድጃ ውስጥ ሲገባ ማየት ያሳዝናል። ቡናማ መልኩ ቀለም አይፈልግም፣ በቀላሉ ይላጋል፣ ከደረቀ በኋላም ብዙ አይንቀሳቀስም። ከበሮ፣ ሙቀጫና የቤት ዕቃ ሲሠራበት የኖረው በከንቱ አይደለም።

ጆንያው ሲገዛ መፈሰስና መታየት አለበት። ከ15 ሴ.ሜ. ያነሰው ቁራጭ ከግማሽ በላይ ከሆነ ዋጋው የማገዶ ዋጋ ይሁን። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ላይ 1 ወይም 2 ሚ.ሜ. የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ነቀዝ ነው። ቁራጩን ጥቁር ጨርቅ ላይ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት። ዱቄት የመሰለ ብናኝ ከወረደ ነቀዙ በሕይወት ሊኖር ይችላልና ወደ ዎርክሾፕ አታስገቡት፤ ከጤነኛው ጋር ካደረ ይዛመታል። ነጩን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሰንጥቆ ማውጣትም መፍትሔ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ነቀዝ የሚበላው ያንን ክፍል ስለሆነ ቡናማው ልብ ይተርፋል።

ምርጡ ምርት መክተፊያ ነው። ቁርጦቹ በ4 ሴ.ሜ. ስፋት ይሰንጠቁ፣ ጠርዛቸው በመላጊያ ቀጥ ይበል፤ ሁለቱ ተገጥመው ወደ ብርሃን ሲያዙ ምንም ብርሃን ማለፍ የለበትም። እርጥበት የሚችል ኮላ በሁለቱም ፊት በስሱ ይቀባ። በሞርሳ ሲታሰር በመስመሩ ሁሉ ትንንሽ የኮላ ጤዛ መውጣት አለበት። ካልወጣ ኮላው አንሷል፤ እየፈሰሰ ከሆነ በዝቷል። ተራ ነጭ ኮላ ለመክተፊያ አይሆንም፤ ሲታጠብ ይለቃል። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 80፣ በ120፣ በመጨረሻም በ180 ይለስልስ። ከ120 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ማድረቅ አይዘንጋ፤ የተነሳው የእንጨቱ ፀጉር በ180 ከተጠረገ፣ ደንበኛው ቤት ሲታጠብ እንደገና አይሻክርም።

ቫርኒሽ ለመክተፊያ አይቀባም፣ ቢላዋ ልጦ ከምግብ ጋር ይቀላቅለዋል። ንጹሕ የተልባ ዘይት በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየመሐሉ ጥቂት ቀናት እየተሰጠው ይበቃል። የተቀባበትን ጨርቅ ጨብጦ ጥግ መወርወር ግን አደገኛ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊነድ ይችላል። ሳጋቱራ በሞላበት ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ቁርጡ ከ20 ሴ.ሜ. በታች ከሆነ ወደ ማማሰያ፣ ወደ ስኒ ማስቀመጫና ወደ መሳቢያ እጀታ ይሂድ። ወይራ ከተገኘ ለማማሰያ ከዋንዛ ይበልጣል፤ ክብደት አለው፣ ውኃም ብዙ አይጠጣም።

የአርማታ ጣውላ፦ ከ10 አራት

ብዛቱና ርዝመቱ ብዙ ሰው ያታልላል። ለምን አራት ብቻ እንደሰጠነው እንናገር። አንደኛ ሲሚንቶና አሸዋ ጣውላው ውስጥ ገብቷል፤ በዓይን የጸዳ የሚመስለው ፊት እንኳ የመላጊያ ምላጭን በጥቂት ሜትር ውስጥ ያደንዘዋል። ሁለተኛ ሲሚንቶ እንዳይዝበት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ዘይት የጠጣ እንጨት ላይ ኮላ አይዝም፣ ቫርኒሽም ይላቀቃል። ሦስተኛ በየቦታው የተሰበረ ሚስማር ተቀብሮበታል።

ቢሆንም ከተገዛ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ። መጀመሪያ በአሮጌ መጥረቢያ ጀርባ ወይም በስፓቱላ ቅርፊቱ ይፈቅፈቅ፤ ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ይፈተግ። ሚስማሩ ይነቀል፤ ከዚያ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሁለቱም ፊት ይዞርበት። ማግኔቱ የሳበበት ቦታ በኖራ ይከበብና ተቆርጦ ይውጣ። ዘይት በቁርጥ ፊት በኩል ጠልቆ ስለሚገባ ከሁለቱም ጫፍ 10 ሴ.ሜ. ይወገድ። ከየፊቱ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ይላግ፤ ለዚህ ሥራ የተለየ አሮጌ ምላጭ ይኑር። ጠብታ ውኃ ሲደረግበት ካልሰረገ፣ ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ፣ ዘይቱ አልወጣምና ኮላ አይቀባ። በዊንጣ ብቻ የሚያያዝ ነገር ይሠራበት።

የአበባ ሣጥን፣ የዕቃ ሣጥንና የመጋዘን መደርደሪያ ይወጣዋል። ለምግብ መያዣ፣ ለአትክልት መደብና ለንብ ቀፎ አይሁን። መልሶ ለሰው መቆሚያ መረማመጃ ማድረግ ደግሞ በጭራሽ አይሞከርም፤ የሚስማር ቀዳዳና ስውር ስንጥቅ ያደከመው ጣውላ ሰው ተሸክሞ ሳለ ይሰበራል።

ስለ ንብ ቀፎ ካነሳን፣ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ የሣጥን ቀፎ ገዢ አይጠፋም። ለዚህ የሚስማማው ከላይ ያየነው የጎበጠ ባሕር ዛፍ ነው። ላንግስትሮት የሚባለው ባለ 10 ፍሬም (ተነቃይ ክፈፍ) የሣጥን ቀፎ የውጭ ልኩ 51 በ41 ሴ.ሜ. ያህል፣ ከፍታው 24 ሴ.ሜ. ገደማ ስለሆነ ሁሉም ቁርጥ ከ60 ሴ.ሜ. በታች ነው። 24 ሴ.ሜ. ስፋት በአንድ ጣውላ ስለማይገኝ ሁለት ይጣበቃሉ፣ እርጥበት በሚችል ኮላ። ልኩ ላይ ቸልታ የለም። በፍሬምና በግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። ከጠበበ ንቦቹ በሙጫ ያሽጉታል፣ ከሰፋ ተጨማሪ የማር እንጀራ ይሠሩበታል፤ በሁለቱም መንገድ ፍሬሙ አይወጣም፣ ገዢውም ሁለተኛ አይመለስም። ውስጡ ቀለም አይቀባም።

ችፕዉድና ኤምዲኤፍ ቁራጭ ከአራቱ ጋር ያልተቆጠረው እንጨት ብለን ስለማንወስደው ነው። ጠርዙ ዊንጣ አይዝም፣ እርጥበት ካገኘው ያብጣል። ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ኬሚካል ባለበት ሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ እንጀራ በሚጋገርበት ምድጃ መማገድም አይገባም።

ይህ ሳጋቱራውንም ይነካል። ከንጹሕ እንጨት የወጣና የደረቀ ሳጋቱራ ለዶሮ ቤት ንጣፍ ይሸጣል፤ ከጠንካራ እንጨት የወጣው እንጉዳይ አብቃዮችም ይፈልጉታል። ሻጋታ የያዘ፣ ከአርማታ ጣውላ የወጣ ወይም ችፕዉድ የተቀላቀለበት ግን ለሁለቱም አይሆንም። አንድ ቀን ችፕዉድ በተቆረጠበት መጋዝ ሥር የነበረ ጆንያ ሙሉውን ዋጋ ያጣል። ስለዚህ መጋዙ ላይ የሚገባው እንጨት ሲቀየር ከሥሩ ያለው ጆንያም ይቀየር፤ ጆንያው ላይም ከየትኛው እንጨት እንደወጣ ይጻፍበት።